የሴበሩ ጅራት ወደ ላይ ነው

ፉሩሴት፣ ኦስሎ
ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ለአባባ አድነው፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደ ኦስሎ ዝናብ የማያቋርጥ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህን፣ ጉልበትህን፣ ያንን ሹል ምላስህን አላህ ያቆይልኝ። ለጆሮህ አልጸልይም፤ እሱን የጄት ሞተር ከበላው ሃምሳ ዓመት ሆኖታል።

እማዬ ትከሻዬ ላይ ቆማ ታነባለች። "አንተ አትበለው! የእናቴ የዘይነብ ወንድም እኮ ነው፣ እርስዎ በል!" አለችኝ። "ኔይ፣ እርስዎ ካልኩት መቀለድ አልችልም" አልኳት፤ ኔይ እዚህ አገር አይ ማለት ነው። እስክርቢቶውን ልትነጥቀኝ ነበር።

ስልክ እንዳልደውልልህ አትሰማም። በስልክ እንዳልጽፍልህ "የጉንዳን ፊደል አላነብም" ትላለህ። ስለዚህ በሃያ ዓመቴ በእጄ እየጻፍኩ ነው። በዚህ አገር በእጁ የሚጽፍ እኔና ኑዛዜ የሚናዘዝ ሰው ብቻ ነን። እማዬ ግን ደስ ብሏታል፤ አማርኛዬ እንዳይዝግ ነው አሉ። ደብዳቤውን ሰዕድ ያደርስልሃል። እዚህ ኦከርን የሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው፣ በርበሬና ሽሮ ሊያመጣ የሚመላለሰው የደሴ ሰው ነው።

ትምህርቱን ትቼዋለሁ። ወይም እሱ ትቶኛል፤ ማን ቀድሞ እንደተወ አልተጣራም። አሁን ኦከርን ጎማ ቤት እሠራለሁ። በረዶ ሳይመጣ ኦስሎ በሙሉ የክረምት ጎማ ይቀይራል፤ ወገቤ ተቆርጧል።

አንድ ነገር ልንገርህ። የእማዬን ስልክ ማንቂያ ወደ አውራ ዶሮ ጩኸት ቀየርኩት። ማጥፋቱን አታውቅም። ብዙም ሳይቆይ የሕንፃው አስተዳደር መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ "በአፓርታማ ውስጥ ዶሮ ማርባት ክልክል ነው።" ጎረቤታችን ወይዘሮ ኣስመረት እማዬን ሊፍት ውስጥ አግኝተው "ራህመት፣ እንቁላል ሲኖር አትርሺኝ" አሏት። እማዬ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም።

ከኖርዌይ ምን ልላክልህ? ካልሲ? ቸኮሌት? የልጅህን የገነነን አፍ የሚዘጋ ነገር?

የማትሰማኝ ግን የምታነበኝ ልጅህ፣
ጀላሉዲን


ኮምቦልቻ
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀላሉዲን

እህቴ ዘይነብ በነቢዩ፣ እኔ በማርያም ነበር የምንማማለው። ምርቃቱ ከሁለቱም በኩል ይድረስህ። የሰው አገር ብርድ አጥንትህን አይንካው። አንተ ቀልማዳ፣ ስለ ዶሮው አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ገነነ በር ከፍቶ አየኝና አእምሮዬን ይበልጥ ተጠራጠረ።

ካልሲ አልፈልግም። ዓይን ግን እፈልጋለሁ።

ሰዕድ እንደነገረኝ ከኦስሎ ኤርፖርት አጠገብ የአውሮፕላን ሙዚየም አለ፤ እዚያ ሴበር ቆሟል። እኔ በወጣትነቴ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ መካኒክ ሆኜ ጆሮዬን የገበርኩለት ጄት ማለት ነው። ኖርዌይም እንደ እኛ ነበራት።

አውሮፕላን ሲመጣ ድምፁ ቀድሞት ይሄዳል፤ ፊት ለፊት ያለውን አየር "ዞር በል" ይለዋል። አየሩም ዞር ይላል። አውሮፕላኑ የራሱን ድምፅ ሊደርስበት ሲል ግን ለአየሩ የሚነግረው የለም። አየሩ ሳያስበው ይመታል፣ ይደናገጣል፣ እንደ ግድግዳ ይከመራል። የመጀመሪያዎቹ ጄቶች ጅራታቸው ላይ እንደ በር በማጠፊያ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ነበራቸው። የተከመረው አየር እዚያ ላይ ሲቀመጥ፣ አብራሪው መሪውን ቢስብም አፍንጫው አልቀና ይለዋል። መሬት እየመጣች፣ መሪው በእጁ፣ ምንም የለም። ስለዚህ በእኛዎቹ ሴበሮች ላይ ጅራቱ በሙሉ አንድ ላይ እንዲንቀሳቀስ አደረጉት። በዚያ ጅራት ነው አብራሪው ከሰማይ ጫፍ አፍንጫውን ደፍቶ ወርዶ፣ ድምፁን አልፎ፣ መልሶ የሚያቀናው። እኛ መሬት ላይ ያለነው ደረታችንን በቡጢ የተመታን ያህል ይሰማን ነበር።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በሥራ ቤቴ ለሰፈሩ ልጆች ቆርቆሮ ሥራ አስተምራለሁ። በአልጋ ቁመት የሚሆን ሴበር ከቆርቆሮ እየሠራን ነው፤ ከራሴ ሌላ ንድፍ የለንም። እኔ የማስታውሰው ሁለቱ አግድም የጅራት ክንፎች ጫፋቸው ወደ ላይ ቀና ያለ እንደነበር ነው። በክረምት ከሥሩ ስሠራ ዝናቡ ከጫፉ ወደ አውሮፕላኑ ግንድ እየተንደረደረ ማጅራቴ ላይ ይወርድ ነበር።

ገነነ ግን "አባዬ፣ በቀደም ከገበያ ስትመለስ ቤትህ ጠፍቶብህ ነበር። ምድጃ ለኩሰህ ትረሳለህ። የዚያን ዘመን ጅራት እንዴት ታስታውሳለህ?" ይለኛል። ስልኩ ላይ ያሳየኝ ፎቶ ሁሉ ከጎን የተነሣ ነው፤ ከጎን ዝንባሌው አይለይም። ደግሞ በእኛ ሃንጋር፣ አውሮፕላን በሚጠገንበት አዳራሽ፣ በፎቶ አይፈተሽም ነበር። ደንባችን እንዲህ ነው፦ የሠራ ሰው የሠራውን አይፈትሽም። ሌላ ሰው በዓይኑና በእጁ ያያል። ሁለተኛው ዓይን የተናገረው ይጸናል፤ ሠሪው አይከራከርም።

ሁለተኛው ዓይን አንተ ሁንልኝ። ከኋላው ቁምና ወደ ላይ፣ ቀጥ ያለ፣ ወይም ወደ ታች መሆኑን እይ። "አየሁ" ብለህ ጻፍልኝ። ከገነነ ጋር ተወራርደናል። በምን እንደሆነ አልነግርህም፤ ፈታሽ የሚመጣውን ካወቀ ይራራል። ይህን ብቻ ያዝ፤ ስለዚህ ሽማግሌ አእምሮ የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው አንተ ነህ።

አድነው


ፉሩሴት፣ ኦስሎ
ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር ዋና መካኒክ አባባ አድነው

አሰላሙ ዓለይኩም። ከሰማይ ጫፍ አፍንጫውን ደፍቶ የሚወርድ፣ ድምፁን ያለፈ ሰላምታ ይድረስህ። ሰምተኸው ከሆነ ንገረኝ።

ፈታሽህ ሥራውን ጨርሷል። ቅዳሜ ከጆኒ ጋር ሄድን። ጆኒ ጎማ ቤት አብሮኝ የሚሠራ ኤርትራዊ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ሰነፍ የሆነ ብቸኛው ሰው ስለሆነ እወደዋለሁ። ሙዚየሙ ውስጥ እንደ ፍሪጅ ይቀዘቅዛል። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ጠባቂ በር ላይ ተቀምጦ ያንኮራፋል። ሴበርህ መሐል ላይ አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ቁርጥ አምባዛ! ይህን ነው ዕድሜ ልክህን ስታሞግስ የኖርከው?

ዞሬ ከኋላው ቆምኩ። አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። አባባ፣ ተቀመጥ። ወደ ላይ አይደለም። ቀጥ ያለም አይደለም። ወደ ታች ነው! ዝናብ የመታው አውራ ዶሮ ጭራ ይመስላል። እማዬ ብታየው ስልኳን አስታውሳ ታለቅስ ነበር። ማጅራትህ ላይ የወረደው ዝናብ ሳይሆን ላብ ይሆናል፤ አለቃህን ፈርተህ።

ማታ እማዬ "እውነት ሄድክ?" አለችኝ። "ያ፣ ያ!" አልኳት፤ በኖርዌይኛ አዎ ማለት ነው። "በረዶ ላይ የዋለ ጫማ እንዲህ ደረቅ ነው?" አለች። እናት ሁሉ ፖሊስ ነች።

እንግዲህ በደንብህ መሠረት፦ አየሁ። በዓይኔ አየሁ፣ በእጄ ዳሰስኩ።

ጀላሉዲን
ዋና ፈታሽ፣ የሰሜን ዋልታ ቅርንጫፍ


ኮምቦልቻ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀላሉዲን

ፈጣሪ እግርህን ከበረዶ፣ ዓይንህን ከክፉ ይጠብቅልኝ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ደብዳቤህ ዘግይቶ ደረሰኝ።

ስላየህልኝ አመሰግናለሁ። በዚያ ብርድ ለአንድ ሽማግሌ ብለህ መሄድህን አልረሳውም። ይህ "አልረሳውም" የሚለው ቃል አሁን በእኔ አፍ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ግን እንጃ።

ቅዳሜ ልጆቹን ሰበሰብኩ። ቆንጆ አድርገው የበየዱትን ጅራት ፊታቸው በመዶሻ እየመታሁ ወደ ታች አዘነበልኩት። "ያስተማርኳችሁ ስህተት ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ" አልኳቸው። ሩሚሳ የምትባል እጇ የተባረከ ልጅ አለች። አፏን አይቼ ነው የምረዳት። "ጋሼ፣ እንዲህ ሆኖ እንዴት ይበርራል?" አለችኝ። "የታየው ይኼ ነው፣ የታየውን ያዢ" አልኳት። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። የልጆቹን ፊት ሳይ ግን እንደደከመ ገባኝ። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። አፍረውልኝ ነበር።

አንተ አይተሃል፤ አልከራከርም። ማጅራቴ ላይ የወረደው ዝናብ ግን እስካሁን ይሰማኛል። ያልነበረ ውሃ እንዴት ይቀዘቅዛል?

ከእንግዲህ ስትጽፍልኝ በገነነ ቤት በኩል አድርገው። ከኖርዌይ የምፈልገው ነገር የለም። እናትህን ሰላም በልልኝ።

አድነው


ፉሩሴት፣ ኦስሎ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ አድነው

አሰላሙ ዓለይኩም። እንኳን ለገናው በሰላም አደረሰህ፤ ትንሽ አርፍጃለሁ፣ ለጥምቀቱ ደግሞ ቀድሜያለሁ፤ አማካዩን ውሰድ።

ምን ሆነሃል? ደብዳቤህ ውስጥ አንድም ስድብ የለም። "የሰሜን ዋልታ ቅርንጫፍ" ብዬ ፈርሜ አንድ ጊዜ እንኳ "አንተ ቀልማዳ" አላልከኝም። ደግሜ ደጋግሜ ፈለግኩ፤ ገልብጬም አየሁት።

ለምን በገነነ ቤት በኩል? ጣራህ አፈሰሰ? ወይስ የገነነ ሚስት ዶሮ ወጥ አሳብዶህ ነው? የውርርዱስ ነገር? ጥቂት ብር ከሆነ እኔ እሸፍናለሁ።

ደግሞ የጅራቱን ነገር ያን ያህል አታክርረው። ቆርቆሮውን በመዶሻ መምታት ምን አመጣው? ምናልባት የሙዚየሙ ወለል ዘንበል ያለ ይሆናል። ምናልባት የቆምኩበት ቦታ ጥሩ አልነበረም። ምናልባት እኔ ራሴ ዘንበል ብዬ ይሆናል። ሰው አይሳሳትም እንዴ?

እዚህ ላይ የተሰረዘው መስመር ምንም አይደለም። እስክርቢቶው ቀለም ተፍቶ ነው።

ቶሎ ጻፍልኝ። ስደበኝ።

ጀላሉዲን


ፉሩሴት፣ ኦስሎ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ አድነው

አሰላሙ ዓለይኩም። ለሰላምታ የሚሆን ፊት የለኝም። ግን ሰላምታ ሳያቀርቡ መጻፍ ነውር ስለሆነ ይቀበሉኝ።

ሰዕድ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ባዶ እጁን መጣ። እማዬ ጨነቃትና ለገነነ ደወለች። ውርርዱን ነገራት። ጅራቱ እርስዎ እንዳሉት ከሆነ የሥራ ቤቱም የመኖሪያ ቤትዎም ቁልፍ እርስዎ ጋ ሊቀር፤ ካልሆነ ሁለቱንም አስረክበው ገነነ ቤት የጓሮ ክፍል ሊገቡ። "እኔ እንኳ ቀስ ብለን እናደርገዋለን ብዬ ነበር" አላት ገነነ። "እሱ ነው ደብዳቤው በደረሰ በሳምንቱ አልጋውን አስጭኖ የመጣው። ከዚያ ወዲህ ከሰው አይነጋገርም። ግድግዳ ያያል።"

እማዬ ስልኩን ዘጋች። በሩ ጋ ያለውን ጫማዬን አየችው።

አባባ፣ አልሄድኩም። ያን ቅዳሜ ጆኒ ቤት ሶፋ ላይ ተጋድሜ ጌም ስጫወት ነው የዋልኩት። አምባዛውም፣ ጢማሙ ጠባቂም፣ የዶሮው ጭራም ከጭንቅላቴ ነው። እንደ ሁልጊዜው ተናደው ይሰድቡኛል፣ እኔም "ቀለድኩ" እላለሁ ብዬ ነበር። ስድቡ ቀረ፤ ምስጋና መጣ። በጥር ልናገር ጀምሬ ሰረዝኩት። ቀለም አልነበረም።

ትናንት ሄድኩ። ጆኒን ይዤው ሄድኩ፤ እሱም ውሸቱ ውስጥ ስላለ። ሴበሩ መሐል ላይ አይደለም፣ ጥግ ላይ ነው። ከኋላው ለመቆም ፈርቼ በመጀመሪያ አፍንጫው ጋ ብዙ ቆምኩ።

"ሂድና እየው እንጂ" አለኝ ጆኒ። "አይነክስህም።"

ሄጄ አየሁት። ወደ ላይ ነው። ለዱዓ እንደተዘረጋ ሁለት እጅ ጫፎቹ ወደ ላይ ቀና ብለዋል።

ጆኒም ከጎኔ መጥቶ አንጋጦ አየው። "ሽማግሌው እኮ ልክ ነበሩ" አለኝ።

"ትከሻህን ስጠኝ" አልኩት።

"ለምን?"

"ውሃህንም ስጠኝ።"

"ረመዳን አይደለም እንዴ? ሰው በሌለበት ልትጠጣ ነው?"

"ለእኔ አይደለም፣ አምጣ!"

ትከሻው ላይ ወጥቼ ውሃውን ጅራቱ ጫፍ ላይ አፈሰስኩት። ወደ ግንዱ ተንደረደረ፤ ግንዱን ይዞ ወረደ። ዘልዬ ወርጄ ከሥሩ ቆምኩ። ማጅራቴ ላይ ጠብ አለ። አባባ፣ ይቀዘቅዛል። ጆኒ ሲስቅ ሰማሁት፤ ከዚያ ፊቴን አየና ተወ።

የሙዚየሙ ሠራተኛ ሴትዮ እየሮጠች መጣች። "ምን እያደረጋችሁ ነው?" አለች። በኖርዌይኛ ልነግራት ብጀምር ነገሩ ሁሉ የእብድ ሆነ። ዝናብ፣ ኮምቦልቻ፣ የጓሮ ክፍል። ጨርቅ አምጥታ ጅራቱን አስጠረገችኝ፤ ከዚያ አስወጣችን። እየጠረግኩ በእጄ ዳሰስኩት። ወደ ላይ ነው።

እርስዎ አልረሱም ነበር። እኔ ነኝ ያስረሳሁዎት።

አየሁ። ይህኛውን አየሁ።

ጀላሉዲን


ኮምቦልቻ
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጀላሉዲን

ሰላም ለአንተ ይሁን። ፋሲካን አክብረን ውለናል፤ የእናንተም ጾም በሰላም እንደተፈታ ሰዕድ ነግሮኛል።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ለገነነ ሰጠሁት። ጮክ ብሎ አነበበው። አልሰማሁም፣ አፉን አየሁት። "ወደ ላይ ነው" የሚለው ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ቆመ። ከዚያ ወጥቶ ጓሮ ውስጥ ብዙ ቆየ።

ተቆጥቻለሁ። በቀልድ አልሸፍንልህም። ባላየኸው ነገር በገዛ እጄ የልጆችን ሥራ ቀጥቅጫለሁ፤ ልጆቹ ፊት ራሴን አዋርጃለሁ። ማታ ማታ እህቴን፣ አባቴን፣ የስልጠና ጓደኞቼን በስማቸው እየጠራሁ "እናንተስ ነበራችሁ?" እል ነበር። ድምፁን ስለደረሰበት አውሮፕላን ነግሬህ ነበር፤ ለአየሩ ዞር በል የሚለው የለም ብዬ። የአንተም ቀልድ እንደዚያ ነው የመጣብኝ።

የእኔም ጥፋት አለ። የሚመጣውን ደበቅኩህ። ሃምሳ ዓመት ማንም ላይ ያልጫንኩትን ደንብ አንተ ላይ ጫንኩት።

ያም ሆኖ ደንቡን እንጨርሰው። በእኛ ሃንጋር ሳያይ "አየሁ" ያለ ሰው አይባረርም ነበር። አለቃችን ኮፍያውን ያስወልቀውና ማኮብኮቢያው ዳር ያቆመዋል። አውሮፕላኑ ተነሥቶ፣ በርሮ፣ ጎማው መሬት እስኪነካ ይቆማል። አይቀመጥም፣ አያወራም፣ አይስቅም። አውሮፕላኑ ሲወርድ አለቃው ራሱ መጥቶ "ወርዷል፣ ተቀመጥ" ይለዋል። ከዚያ በኋላ ነገሩ አይነሣም።

ቅዳሜ ግንቦት 9 ጠዋት ልጆቹ ፊት ተመልሼ እቆማለሁ። ያለ ወረቀት፣ ከራሴ ብቻ፣ ሴበር እንዴት ድምፁን እንደሚያልፍ አስተምራለሁ። ገነነ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሌላ ውርርድ ነው፤ የአሁኑ ከራሴ ጋር ነው። እኔ በአየር ላይ ሳለሁ አንተ ትቆማለህ። ስወርድ ገነነ ይደውላል።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ከደብዳቤው ሁሉ ይበልጥ የጎዳኝ "እርስዎ" ያልከኝ ነው። እንደ እንግዳ ሰው። ተመለስ።

አድነው


ፉሩሴት፣ ኦስሎ
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ለአባባ አድነው

አሰላሙ ዓለይኩም። በየትኛውም ከፍታ ላይ ብትሆን ሰላምታዬ ይድረስህ።

ሳታውቅ የመረጥከው ቀን የኖርዌይ ብሔራዊ በዓል ነው። ከቀኑ ሁሉ! ከተማው በሙሉ ለብሶ ወጥቷል፤ የትምህርት ቤት ልጆች ባንዲራ ይዘው፣ በሙዚቃ ጓድ ታጅበው በሰፈራችን ያልፋሉ። እኔ አውቶቡስ ፌርማታው ጎን ኮፍያዬን አውልቄ፣ ሰማይ ሰማይ እያየሁ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ።

መጀመሪያ ጆኒ መጣ። "ሐውልት ሆንክ? ርግብ ልጥራልህ?" አለኝ። ዝም። "በአላህ ትንሽ ሳቅ፣ ፎቶ ላንሣህ።" ዝም። በጎማ ቤት ቀልዶች ሁሉ ሞከረኝ። በመጨረሻ አጠገቤ ትንሽ ቆሞ፣ እሱም ሰማዩን አይቶ ሄደ። አንዲት ትንሽ ልጅ ባንዲራዋን እጄ ውስጥ ሰካችልኝ። አንድ ሽማግሌ ኖርዌይያዊ ለባንዲራው ክብር የቆምኩ መስሎት ባርኔጣውን አውልቆ ጎኔ ቆመ። ሰልፉ እስኪያልቅ ሁለታችንም አልተነቃነቅንም። እጄን ጨብጦኝ ሄደ። አባባ፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የማይገባኝን ክብር ስቀበል የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ሳፍርበት ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ወይዘሮ ኣስመረት በነጭ ቀሚሳቸው ሲያልፉ እማዬን "ራህመት፣ ልጅሽን ምን ነካው?" አሏት።

"ሰው እየጠበቀ ነው" አለች እማዬ።

"ማንን?"

"ከላይ የሚወርድ ሰው።"

ወይዘሮ ኣስመረት አማተቡ።

ስልኩ አልጮኸም። ምሳ ሰዓት እማዬ ለገነነ ደወለች፤ አይሠራም። ደግማ ደወለች፤ ኮምቦልቻ በሙሉ አይሠራም። "ይበቃሃል፣ ግባ" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ጥላ ይዛ መጥታ ከጎኔ ቆመች፤ ከዚያ ወገቧን አሟት ገባች። መሽቶ እንዳልቀመጥ በግንቦት እዚህ ቶሎ አይመሽም።

ይህንንም የምጽፈው ወረቀቱን ፌርማታው መስታወት ላይ አስደግፌ፣ ቆሜ ነው። መጻፍ ማውራት ከሆነ ደንቡን ጥሻለሁ፤ ሌላ ቀን ደግሜ እቆማለሁ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። በእግዚአብሔርም በአላህም፦

ወርደሃል?

ጀላሉዲን


ኮምቦልቻ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀላሉዲን

የዘይነብም የእኔም ምርቃት በላይህ ይረፍ። ከዓርብ ጀምሮ ኔትወርክ ተቋርጧል። ገነነ ስልኩን ይዞ ጣራ ላይ ሁሉ ወጥቷል። ሰዕድ ነገ ስለሚነሣ ይህን እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው።

ትናንት መዶሻውን ለሩሚሳ ሰጠኋት። "መልሺው" አልኳት። ፊቴን እያየች ጅራቱን ወደ ላይ መለሰችው፤ ከበፊቱም አሳመረችው። አንዱ ልጅ ሳልነግረው በጣሳ ውሃ አምጥቶ ጫፉ ላይ አፈሰሰ። እኔ ሽማግሌው ከሥሩ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እጃቸውን አይቼ ነው። ከዚያ ስለ ድምፅ፣ ዞር በል የሚለው ስለሌለው አየር፣ ስለ ማጠፊያው፣ በሙሉ ስለሚንቀሳቀሰው ጅራት አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ።

የምደብቅህ የለም። ሩሚሳን ሁለት ጊዜ "ዘይነብ" ብዬ ጠራኋት። ወጣትነቴን ሙሉ አብሬው የሠራሁትን አብራሪ ስም ልናገር አፌን ከፍቼ ባዶ ሆነብኝ፤ ልጆቹ ጠበቁኝ፣ ስሙ አልመጣም። ገነነ ከኋላ ያየኝ ነበር። ስጨርስ ተነሥቶ መጥቶ የሥራ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቀጥሎ የቤቴን ቁልፍ አወጣ። እሱን እኔ ራሴ መልሼ ኪሱ ውስጥ ከተትኩት። ጅራቱን አልረሳሁም፤ ምድጃውን ግን ረስቼ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። የጓሮው ክፍል ደግሞ መስኮት አለው፤ እስካሁን ጀርባዬን ሰጥቼው ነው።

ይህ እስኪደርስህ ቆመህ እንደማትጠብቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ደንቡን ሳልዘጋው አልተኛም፤ አለቃው ራሱ መጥቶ ነው መናገር ያለበት።

ወርጃለሁ። ተቀመጥ፣ አንተ ቀልማዳ።

አድነው